በወሎ ከወዳደቁ ዕቃዎች ቅርጻ ቅርጽ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያና ባቲ አካባቢ ሆነው ከተጣለ ብረት፣ ከአሮጌ የእርሻ መሣሪያና ከተሰባበረ ሸክላ ቅርጻ ቅርጽ መሥራት ለጀመሩ ወይም ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው «ሐሳብ ከየት ላምጣ?» የሚለው ነው። ሥራው የሚበላሸው ግን ብዙውን ጊዜ በሐሳብ ማጣት አይደለም፤ የማይስማሙ ብረቶች ተበይደው፣ መቆሚያው ቀሎ ወይም ዝገቱ ከውስጥ በልቶት ነው። መልሶቹም ወደዚያው ያደላሉ።

የወዳደቁ ዕቃዎች ቅርጻ ቅርጽ ከተራ ብየዳ በምን ይለያል?

ዕቃው የቀድሞ ማንነቱን ሳይጥል ሌላ ነገር ሲሆን ነው። ፓብሎ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1942 አንድ የብስክሌት ኮርቻና አንድ የብስክሌት መሪ አጋጥሞ የበሬ ራስ ሠራ። ሥራው ሁለት ዕቃና አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ነው። ያየ ሰው በሬውንም ብስክሌቱንም በአንድ ጊዜ ያያል። ኮርቻው ተቆራርጦና ተሞርዶ ኮርቻነቱ ቢጠፋ ኖሮ የሚቀረው ተራ የበሬ ራስ ነበር።

ስለዚህ አንድ ዕቃ ከመቁረጥዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፦ ከቆረጥኩት በኋላ ምን እንደነበር ይታወቃል? የማይታወቅ ከሆነ ከሱቅ አዲስ ላሜራ ቢገዙ ይሻላል፤ ንጹሕ ነው፣ ለመበየድም ይቀላል።

የማንን ሥራ ልመልከት?

ከአገራችን ኤልያስ ስሜን። ከአሮጌ ኮምፒውተርና ስልክ የወጡ ሽቦዎችን፣ የኪቦርድ ቁልፎችንና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎችን እየጠለፈና እየቸነከረ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራል። አዲስ አበባ የሚገኘውን ዞማ ሙዚየምን ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተውም እሱ ነው፤ የሙዚየሙ የጭቃ ግድግዳ ራሱ ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው። ከሌላው አፍሪካ ጋና ተወልዶ ለብዙ ዓመታት ናይጄሪያ የሠራው ኤል አናትሱይ የጠርሙስ ክዳኖችን በመዳብ ሽቦ እየሰፋ እንደ ጥበብ ልብስ የሚንዠረገግ ነገር ያወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በቬኒስ ቢኤናሌ (የጣልያኑ ትልቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ) ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ ተሸልሟል። የቤኒኑ ሮሙዋልድ ሃዙሜ ደግሞ የፕላስቲክ ጀሪካን አንገትና እጀታ ጭንብል ያደርጋል።

ሦስቱም ብየዳ እምብዛም አይነኩም። «መበየጃ ማሽን ስለሌለኝ መጀመር አልቻልኩም» ለሚሉ ይህን ማስታወስ ጥሩ ነው።

ለአቋቋምና ለቅንብር ደግሞ ወልድያ የተወለዱትን ሠዓሊ ታደሰ መስፍንን ይመልከቱ። ቀራጺ አይደሉም፤ ነገር ግን ገበያ ላይ የሚቆሙ ሴቶችን እንዴት እንደ ምሰሶ አጽንተው እንደሚያቆሙ ማጥናት ለብረት ሠሪ ከብዙ የብየዳ ትምህርት ይበልጣል።

ወሎ ውስጥ መነሻ ሐሳብ ከየት ይገኛል?

መጀመሪያ ምን እንዳይሠሩ እንናገር፦ ሌላ ትልቅ ጀበና። በየአደባባዩ አለ፣ በየሆቴሉ በር አለ።

ላሊበላ የሚያስተምረው ነገር ከዚህ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ነው። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት ከአለት እየቀነሱ ነው፤ አንዴ የተፈለጠ አይመለስም። የእናንተ ሥራ በተቃራኒው መጨመር ነው፤ ያልወደዱትን ቆርጠው ያነሱታል። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ቆመው ሲያዩት ግን የሚገርመው ግድግዳው ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን የተቆፈረው ባዶ ቦታም ነው። ከቁርጥራጭ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ ቦታን ይፈራል፤ ክፍተት ባየ ቁጥር ብሎን ይለጥፍበታል። ክፍተቱን ይተዉት።

ከዚያ ውጭ ያለው ምንጭ ጓሮ ውስጥ ነው። ማረሻ፣ ወገል፣ ማጭድ፣ ዶማ፣ የቀንበር ማነቆ፣ የተሰበረ ምጣድ፣ የበቅሎ ልጓም፣ የባጃጅ ማርሚታ፣ የሲኖ ትራክ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ተጣጣፊ የብረት ቅጠል)፣ ካንዴላ። እያንዳንዱን በእጅ ይዞ ገልብጦ ማየት ነው ሥራው። አንድ ዕቃ ይምረጡና በእርሳስ ጥላውን ብቻ ሃያ ጊዜ ይሳሉ፦ ቆሞ፣ ተዘቅዝቆ፣ ከጎን፣ ከጫፍ። ከሃያው አሥራ አምስቱ ምንም አይሆኑም። ቀሪዎቹ ውስጥ ምንቃር ወይም ትከሻ ወይም ጉልበት ይወጣል። ማታ በባትሪ ብርሃን ጥላውን ግድግዳ ላይ መጣልም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ዝገትና ቀለም ዓይንን ስለማያታልሉ ቅርጹ ብቻውን ይወጣል።

ዕቃ ባገኙበት ቀን አይሥሩ። ሥራ ቦታው ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቅለው ለጥቂት ሳምንታት ይዩት። ብዙ ጊዜ ሁለት የማይገናኙ ዕቃዎች በአጋጣሚ ጎን ለጎን ተሰቅለው ነው ሐሳቡ የሚመጣው።

ዕቃውን ከማን ልግዛ?

ከቆራሌው፣ ከጋራዥ፣ ከብረታ ብረት በያጆችና ከገጠር ቀጥቃጮች። ቆራሌው በኪሎ ስለሚሸጥ ከመጫኑ በፊት መድረስ ይበጃል፤ አንዴ ለማቅለጫ ከተጠቀጠቀ በኋላ የሚመረጥ ነገር አይኖርም። የሚፈልጉትን ዓይነት አስቀድመው በስልክ ፎቶ ያሳዩትና ከኪሎው ዋጋ ትንሽ ጨምረው ይክፈሉት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ለይቶ ያስቀምጥልዎታል። ያረጀ የእርሻ መሣሪያ ለማግኘት የባቲ ሰኞ ገበያ ጥሩ ነው፤ ማለዳ ይሂዱ።

የመብራት ኃይል ወይም የቴሌ የመዳብ ገመድ፣ የመንገድ ጉድጓድ ክዳንና የድልድይ መከላከያ ብረት ግን ማንም ቢያመጣልዎ አይግዙ። የት እንደነበረ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ፈጽሞ መንካት የሌለብኝ ነገር አለ?

አለ፣ ዝርዝሩም አጭር አይደለም።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ውጊያ በተካሄደባቸው የወሎ አካባቢዎች ሜዳ ላይ፣ ምሽግ ውስጥ ወይም ከቆራሌው ክምር መሀል የተተኳሽ ቅሪት ሊገኝ ይችላል። ቀለህ የሚመስለው ያልተኮሰ ሊሆን ይችላል፤ የዛገ ቱቦ የመሰለው የሞርታር ጥይት ሊሆን ይችላል። አያንሱ፣ አያንቀሳቅሱ፣ በመዶሻ አይሞክሩ። ቦታውን ምልክት አድርገው፣ ልጆችን አርቀው ለፖሊስ ያሳውቁ። «ሞዛምቢኮች ከመሣሪያ ዙፋን ሠርተው የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አዎ፣ ቀራጺው ኬስተር እ.ኤ.አ. በ2001 የሠራው ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ግን መሣሪያዎቹ በተደራጀ ፕሮጀክት ተሰብስበው፣ ከጥቅም ውጭ ከተደረጉ በኋላ ነው ለሠዓሊዎቹ የደረሱት።

የነዳጅ ታንከርና በርሜል ባዶ ቢመስልም በውስጡ የቀረው ትነት በብየዳ ብልጭታ ይፈነዳል። የመኪና አሞርትዛተር (ዘይትና ጋዝ የታመቀበት ነው)፣ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደርና ሁለት ጫፉ የተደፈነ ማንኛውም ቱቦ እሳት አይንካቸው። የተደፈነ ቱቦ መጠቀም ግድ ከሆነ ውስጡ ምን እንደነበረ እርግጠኛ ከሆኑ በኋላ አስቀድመው በትራፓኖ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያውጡለት። የአሮጌ መኪና ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በግራይንደር አይፍጩት። ባትሪ አይክፈቱ። መዳብ ለማውጣት ሽቦ አያቃጥሉ፤ የፕላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው፣ በቢላዋ ይላጡት።

ሌላው መስቀል፣ ብራና፣ አሮጌ ሳንቲምና የመሳሰለው ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ማበላሸትም ያለፈቃድ ከአገር ማውጣትም ወንጀል ነው። ዕድሜው ካጠራጠረዎ አይቁረጡት፤ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳዩ።

ብየዳዬ በማግስቱ ለምን ይላቀቃል?

ከሐሳቡ ጥያቄ ቀጥሎ በብዛት የሚደርሰን ይህ ነው። መልሱ ዘጠና በመቶ ብረቱን ካለማወቅ ይጀምራል። የተጣለ ብረት መለያ ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ ራስዎ መፈተን አለብዎ።

ማግኔት ካልያዘው አልሙኒየም፣ ነሐስ፣ መዳብ ወይም አንዳንድ የማይዝግ ብረት ነው፤ በተራ ኤሌክትሮድ አይበየድም። ማግኔት ከያዘው በግራይንደር ጫፉን ይንኩና ብልጭታውን ጥላ ቦታ ሆነው ይመልከቱ። ረጅም፣ ቢጫ፣ ብዙ የማይበታተን ጨረር ከሆነ ለስላሳ ብረት ነው፤ እንደልብ ይበየዳል። ፌሮ፣ አንጎላሬ፣ ቱቦላሬና ላሜራ ብዙውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ጨረሩ እንደ ርችት እየፈነዳ የሚበታተን ከሆነ ካርቦን የበዛበት ጠንካራ ብረት ነው፦ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ሞረድ፣ ማጭድ። አጭርና ደብዛዛ ቀይ ከሆነ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ተሰባሪ ብረት) ነው፦ የሞተር አካል፣ የአሮጌ ወፍጮ ጥርስ፣ የፍሬን ታምቡር።

ባሌስትራ ሲበየድ ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል ቶሎ ሲቀዘቅዝ እንደ መስታወት ይደርቃል። ዛሬ የያዘ ይመስላል፤ ሌሊት በደሴ ብርድ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ከብየዳ በፊት መገጣጠሚያውን በከሰል ማሞቅ (የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት ቺስ ብሎ ወዲያው የሚጠፋበት መጠን አልፎ ትንሽ ይጨምሩ)፣ አጭር አጭር አድርጎ መበየድ፣ ከዚያ ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብሮ እስከ ጠዋት መተው ነው። ውሃ ውስጥ መንከር የለም። ቶሎ ለማቀዝቀዝ ባልዲ ውስጥ መክተት በየብየዳ ቤቱ የተለመደ ነው፤ ለመስኮት ፍርግርግ አይጎዳ ይሆናል፣ ባሌስትራን ግን ይገድለዋል።

ጊዛ ከዚህም ይብሳል። የኒኬል ኤሌክትሮድ ቢገኝ እንኳ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር በይዶ፣ ትኩስ እያለ በመዶሻ ጫፍ ቀስ እያሉ መትቶ፣ እጅ እስኪያስነካ ጠብቆ መቀጠል ያስፈልጋል። እኛ የምንመክረው አለመበየድ ነው፤ በስተው በብሎንና በዳዶ ይሰሩት። ብሎኑ ቢታይም አያሳፍርም፣ የሥራው አካል ነው። ኩሽኔታን በሚመለከት፣ የታሸገውን በሙቀት አይንኩት። ኳሶቹን አውጥቶ ዓይን ማድረግ የሚወዱ በኤፖክሲ (ሁለት ቱቦ ተዋህዶ የሚደርቅ ማጣበቂያ) ይለጥፉ፤ የተበየደ ኳስ በትንሽ ምት ብቻ ተፈናጥሮ ይሄዳል።

ሌላው ምክንያት ንጽሕና ነው። ቀለም፣ ግራሶ፣ ዝገትና ኒኬል ካለበት ብየዳው አረፋ ይሆናል። ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ብረቱ እስኪያበራ ይሞረድ። ሌላውን ቦታ አይንኩ፤ የዕቃው ውበት እዚያ ነው ያለው።

ስንት አምፔር?

ለተራው 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90፣ ለ3.2 ደግሞ ከ90 እስከ 130። ብረቱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ከሳሳ 2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይፈልጉና ከ45 እስከ 60 ያድርጉ፤ ሳያስረዝሙ ነጥብ ነጥብ እያሉ ይሂዱ።

ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ ካስቸገረ መጀመሪያ የመብራቱን ኃይል ይጠርጥሩ፤ አመሻሽ ላይ ሲወርድ ማሽኑ 80 ቢልም 80 አይሰጥም። ረጅም ማራዘሚያ ገመድም ኃይል ይበላል፤ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ደግሞ ይግላል፣ ዘርግተው ይጠቀሙ። ማሽኑን ከአምፖል መስመር ላይ አይሰኩ። በክረምት ጉም ሲበዛ ኤሌክትሮዱ እርጥበት ይስባል፤ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ያስቀምጡ፣ ከራሰ ደግሞ፣ ምጣድ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል በቀስታ ያድርቁት።

ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮና የውሃ ቱቦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ የዚንክ ነው። የተነፈሰው ሰው ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። የዚንኩን ሽፋን ከመገጣጠሚያው ላይ ሞርደው ያንሱ፣ ውጭ ሆነው ነፋስን ከጀርባዎ አድርገው ይሥሩ።

ለጀማሪ የሚሆን አንድ ሥራ ደረጃ በደረጃ ብታሳዩን?

ቁራ። በደሴ ጣሪያዎች ላይ የሚውለው ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ ይህ ምልክት ሥራውን ያቀልለታል፣ ከሩቅ ይታወቃልና።

የሚያስፈልገው አንድ ያለቀ ማረሻ፣ አንድ የባጃጅ ማርሚታ፣ አሥር ያረጁ ማጭዶች፣ 80 ሳንቲ ሜትር ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ 1 ሜትር ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቁራጭ፣ ለመቆሚያ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ አንድ የተሰበረ ሲኒ፣ ኤፖክሲና ሃያ አምስት ያህል ኤሌክትሮድ ነው።

ማርሚታው ሆድ ነው። ውስጡ ጥቀርሻና አንዳንዴ የመስታወት ጥጥ ስላለ በሁለቱም ጫፍ ከፍተው አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ያራግፉት። ግድግዳው ስስ ነው፤ ወፍራሙን የእግር ፌሮ በቀጥታ ከበየዱበት ይበሳል። ስለዚህ ከባለ 4 ሚሊ ሜትሩ ላሜራ ሁለት 5 በ5 ሳንቲ ሜትር ቁራጮች ያውጡ፤ እግሩን መጀመሪያ ከቁራጩ ጋር አጥብቀው ይበይዱ፣ ከዚያ ቁራጩን በሆዱ ኩርባ ልክ ቀጥቅጠው ዙሪያውን ነጥብ ነጥብ እያሉ ያያይዙ። ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ቢወስዱ ይህን ይውሰዱ፦ ስሱና ወፍራሙ ሲገናኙ መሀል ላይ አሸማጋይ ብረት ይግባ።

ለእያንዳንዱ እግር 40 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡና ጉልበቱን በሞርሳ ይዘው ያጎብጡት። ጣቶቹ ሦስት ወደፊት አንድ ወደኋላ፣ እያንዳንዳቸው 10 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ከባለ 8ቱ ፌሮ ስምንት ያወጣሉ።

ማረሻው ራስና ምንቃር በአንድ ላይ ነው። ሶኬቱ (እንጨቱ የሚገባበት) ራስ ይሆናል፣ የተበላው ጫፍ ምንቃር። አያሹሉት፣ አያጽዱት። ቀጥቃጩ የመታበት የመዶሻ ዳና ይታይ። ከላይ እንደተባለው በከሰል አሙቀው ይበይዱና አመድ ውስጥ የሚገባ ካልሆነ መገጣጠሚያውን በአመድ በተሞላ ጨርቅ ሸፍነው ያቀዝቅዙ።

ማጭዶቹ ላባ ናቸው፤ በየጎኑ አምስት። መጀመሪያ ስለታቸውን በሞረድ ይግደሉ፣ አለበለዚያ ሥራውን የሚያጸዳ ሰው እጁን ይቆረጣል። እጀታቸውን አውጥተው ከጅራት ወደ ራስ ይጀምሩ፤ የፊተኛው የኋለኛውን እንደ ጣሪያ ክዳን ይደርባል። ከራስ ወደ ጅራት ከጀመሩ አደራረቡ ይገለበጣል፣ ወፉ የተላጨ ይመስላል።

ሁሉም መጀመሪያ በሦስት በአራት ነጥብ ብቻ ይያዝ። ያቁሙት፣ ከአምስት እርምጃ ርቀት በአራቱም አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ፣ ይደሩበት። ጠዋት ሲያዩት አንገቱ በጣም ቀና ብሎ የዶሮ መስሎ ያገኙታል፤ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል። ዝቅ ያድርጉት። ቁራ ሲቆም ይጎብጣል። ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ ብየዳ።

የሲኒውን ነጭ ስባሪ መጨረሻ ላይ ማጅራቱ ላይ በኤፖክሲ ይለጥፉ፤ ዝገቱ መጽዳት፣ ሸክላው መሻከር አለበት። የሁለቱን ቱቦ እኩል መጠን ያዋህዱ። በብርድ ኤፖክሲ ስለሚዘገይ ፀሐይ ሲሞቅ ይሥሩት።

መቆሚያው ምን ያህል ይክበድ?

ከላይ ያለው 40 በ40 በ6 ሚሊ ሜትር ላሜራ 7.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለቤት ውስጥ ይበቃል። ለሆቴል ግቢ ወይም ለመንገድ ዳር አይበቃም፤ ልጆች ይንጠላጠሉበታል። አሮጌ ቸርኬ ወስደው መሀሉን በኮንክሪት (1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር) መሙላት ርካሹ መንገድ ነው። 40 በ40 በ10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ብቻውን 38 ኪሎ ይሆናል። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ አራት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ቀና አድርገው ይትከሉና ለሰባት ቀን ያርጥቡት።

እግርን ከመቆሚያው ጋር በብየዳ ሳይሆን በብሎን ያስሩ። ምክንያቱ የገጹ መጨረሻ ላይ አለ።

መበየጃ የለኝም። ምን ላድርግ?

ትራፓኖ፣ ፒንሳ፣ ጥቁር ሽቦ፣ ብሎንና ዳዶ ይበቃሉ። ቀዳዳው ከብሎኑ በግማሽ ሚሊ ሜትር ይስፋ። አንድ ብሎን ብቻ ካሰሩ ይሽከረከራል፤ ሁልጊዜ ሁለት። ወይም ሥራውን ራስዎ በሽቦ አስረው አቁመው ለአንድ ቀን በያጅ ይቅጠሩ፤ አጠገቡ ሆነው «እዚህ ላይ አታስተካክልብኝ» ማለት ግን የእርስዎ ፋንታ ነው። ጎበዝ በያጅ ሁሉን ማለስለስ ይወዳል።

ዝገቱን ልተወው ወይስ ላጥፋው?

የሚራገፈውን በሽቦ ብሩሽ ያንሱ፣ የያዘውን ይተዉት። ለቤት ውስጥ ሥራ 1 እጅ ንብ ሰምና 3 እጅ የተልባ ዘይት በክብደት መዝነው፣ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ያቅልጡ (በቀጥታ እሳት ላይ አይሆንም)፣ ፀሐይ ያሞቀው ብረት ላይ በስሱ ይቀቡና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትርፉን ይጥረጉ። ካበዙት ለሳምንታት ሲያጣብቅ ይኖራል። የጠረጉበትን ጨርቅ ጨብጠው ጥግ አይጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር ጨርቁ ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። ውሃ ውስጥ ነክረው ይጣሉ።

ለውጭ ሥራ ቫርኒሽ አንመክርም። ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ከሥሩ ይገባል፣ ዝገቱ ከላይ ሳይታይ ይበላል። ወይ አንቲረስትና ቀለም ይቀቡ፣ ወይ ወፍራም ብረት ተጠቅመው በግልጽ ይዛግ። ውሃ የሚቋጥር ጉድጓድ ሁሉ ከሥሩ 6 ሚሊ ሜትር ማፍሰሻ ይኑረው፤ የቁራው ማርሚታም ጭምር።

አዲስ ብረት ከአሮጌው ጋር እንዲመሳሰል ማዛግ ከፈለጉ ግማሽ ሊትር ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 60 ሚሊ ሊትር ነጭ ኮምጣጤና አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ደባልቀው በንጹሕ ብረት ላይ ውጭ ሆነው ይርጩ። በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል። የተረፈውን ክዳን ባለው ጠርሙስ አያስቀምጡ፤ ጋዝ ይፈጥራል።

አሮጌ ሞፈርና ቀንበር ምስጥ ወይም ትል ካለበት?

የወይራ ከሆነ እምብዛም አይበላም። ከእንጨቱ ሥር አዲስ ዱቄት ካዩ ግን ሌሎቹ ጋር አያስቀምጡት። ቀጭኑን በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልለው በኮምቦልቻ ወይም በባቲ ፀሐይ ለቀናት ማስጣት ይረዳል። ወፍራሙ ውስጡ ድረስ ስለማይሞቅ ብቻውን አይበቃውም፤ ፍሪዘር ማግኘት ከቻሉ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሳምንት ያቆዩት።

ደንበኛዬ በቤቱ የእንስሳ ወይም የሰው ምስል አይፈልግም። ምን ልሥራለት?

ወሎ ላይ ይህ ተራ ጥያቄ ነው። ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ነፍስ ያለው ነገር ምስል መሥራትን ይከለክላሉ፤ ዛፍ፣ ቅጠልና ጥልፍልፍ ቅርጽ ግን ችግር የለበትም። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም በትውፊቷ ሥዕልን እንጂ ሐውልትን አትጠቀምም፤ በላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ የተቀረጹት የቅዱሳን ምስሎች ብርቅ የሆኑት ለዚሁ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ይጠይቁ። ከማጭድ ኩርባዎች ብቻ የተሠራ ዛፍ ወይም ከፈረስ ኮቴ ብረት የተያያዘ ክፈፍ ከቁራው አያንስም፣ እንዲያውም በቅርጽ ብቻ እንዲያስቡ ስለሚያስገድድ ጥሩ ልምምድ ነው።

ቤተሰቦቼ «ቀጥቃጭ ልትሆን ነው?» ይሉኛል። በዚህ መኖርስ ይቻላል?

ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ» እያለ ሲያርቅ የኖረ ማኅበረሰብ እርሻውን ሁሉ በእሱ ማረሻ ነበር የሚያርሰው። ለዚህ ሌላ መልስ የለንም።

ስለ ኑሮው፣ በዚህ ብቻ የሚተዳደር ጥቂት ነው። አብዛኛው በርና መስኮት እየሠራ ማሽኑንና ኪራዩን ይሸፍናል። የሚያዋጣው ሳምንቱን መከፋፈል ነው፤ ሁለት ቀን ለቅርጻ ቅርጽ ብቻ ካልተለየ የበር ሥራ ሁሉንም ይውጠዋል። ዋጋ ሲያወጡ የዕቃውን፣ የኤሌክትሮድና የዲስኩን ወጪ፣ የሠሩበትን ቀን በከተማው የበያጅ የቀን ክፍያ አባዝተው ይደምሩ፤ ከዚያ በታች አይሽጡ። ዕቃውን ለማግኘት የዞሩበትም ቀን ይቆጠራል። ጋለሪ ወይም ሆቴል ድርሻ የሚቆርጥ ከሆነ ዋጋ ከመጥራትዎ በፊት ይጠይቁ። «ልክ እንደዚህ ሌላ ሥራልኝ» ለሚል ደንበኛ ያው ማረሻ ሁለተኛ እንደማይገኝ ይንገሩት።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን ቢሸጡም የቅጂ መብቱ በጽሑፍ ካላስተላለፉት ከእርስዎ ጋር ይቀራል፤ ጥበቃው ከሞት በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። እያንዳንዱን ሥራ ፎቶ አንስተው ቀኑንና ልኩን ይመዝግቡ።

ማታ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል ያቃጥለኛል። ድንች ልያዝበት?

አይ። ያለ መከላከያ የብየዳ ብርሃን አይተው ነው። ድንችም ወተትም ቁስሉ ላይ ጀርም ይጨምራሉ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ጨርቅ ዓይንዎን ጨፍነው ከላይ ያድርጉ፣ አይሹት፣ በአንድ ቀን ካልተሻለዎ ወይም እይታዎ ከደበዘዘ ወደ ሐኪም። ከዚህ በኋላ 10 ወይም 11 ቁጥር መስታወት ያለው ጭንብል፤ ጥቁር መነጽር አይተካውም።

ከደሴ አዲስ አበባ እንዴት ልላክ?

ለዚህ ነው በብሎን እሰሩ ያልነው። 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ መቆሚያው ከላይ ካለው አካል ጋር እንደተያያዘ ከሄደ ንዝረቱ ሁሉ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያርፋል፣ እዚያው ይሰበራል። መቆሚያውን ፈትተው ለብቻው ይጫኑ። ወፉን በጀርባው አስተኝተው ጭድ በተሞሉ የማዳበሪያ ከረጢቶች መሀል ያድርጉት፣ ገመዱ በሆዱ እንጂ በክንፉ አይለፍ። ዳዶዎቹን በከረጢት አስገብተው ከእግሩ ጋር ይሰሩ፤ ሁለት ትርፍ ዳዶና አንድ ቁልፍም ይጨምሩበት።